ቀለበቷ ብቻ የቀረች ፊደል

ጥር 6

ጋሽዬ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ ልጽፍ ነበር፣ ግን ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ቶሎ በይ እያለኝ ስለሆነ ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይደርስሃል፣ እንዳትቀየመኝ ወንድሜ። ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፣ ሦስቱንም ትራሴ ሥር አድርጌያቸዋለሁ፣ ሳልመልስልህ የቆየሁት ንቄህ አይደለም፣ እጄ ቆስሎ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ነው። አሁን ድኗል። አይ፣ አልዳነም፣ ግን ይጽፋል።

ሥራ ገባሽ ወይ ላልከኝ፣ አዎ ገባሁ፣ እዚሁ አባባ ዘበኛ የሆነበት ግቢ ውስጥ። ከበሩ ክፍላችን እስከ መጋዘኑ አርባ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። አልኮል ነው የምንገለብጠው። ለምድጃ፣ ለመስታወት መወልወያ፣ ለእጅ ማጽጃ እየተባለ ከትልቁ በርሜል በጎማ እየሳብን ጠርሙስ ውስጥ እንቀዳለን። ሲነካህ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ! የጉድጓድ ውሃ እንኳን እንደሱ አይደለም። እጅህ ላይ ይፈስና ጨርቅ ፍለጋ ዞር ብለህ ስትመለስ የለም፣ ተኗል፣ የቆዳህንም ወዝ ይዞት ሄዷል። እጄ የተሰነጣጠቀው ለዛ ነው እንጂ ማንም አልመታኝም፣ ሆድህ አይረበሽ።

አሁን ደግሞ ሥራ ጨመሩልኝ። ከውጭ የሚመጣውን ወደ ራሳችን ሰማያዊ በርሜሎች ገልብጠን ስሙን ወረቀት ላይ በማርከር ጽፈን እንለጥፋለን፣ ከዛ አልኮሉ ሲንጠባጠብበት ጽሑፉን ያጥበዋል፣ የገዛ ስሙን የሚበላ ነገር አይቼ አላውቅም። ፎርማናችን፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ስላለ ሁሉም ሚዛን ነው የሚለው፣ "አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል፣ የጠፋ የጠፋውን አንቺ ጻፊው" አለኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቆመች ልጅ ጽሑፏ ያምራል ተባለላት! ያንተ ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ በከሰል ስታስጽፈኝ "ቀለበቷን ዝጊያት፣ ድንቢጤ፣ ቀለበቷን ዝጊያት" ትለኝ የለ? እስካሁን አልዘጋትም፣ ክፍት ነው የምተዋት።

ሹፌሩ ወደናንተ ከተማ ነው የሚሄደው፣ አሁን አንድ በርሜል እየጫኑለት ነው፣ ደብዳቤዬንም ያደርስልኛል። አባባ ደህና ነው። ስለሱ የጠየቅከኝን ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።

እንግዲህ ሰላም ሁንልኝ፣ ሰላምታዬ ይኸው።

ድንቢጥህ


ጥር 13

ጋሽዬ፣

እንደምን ሰነበትክ። ምነው እንዲህ ታስደነግጠኛለህ? ደብዳቤህን ስከፍት ሰላምታ እንኳን የለውም፣ ጥያቄ ብቻ፣ እንደ ፖሊስ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ የተቆጣኸኝ መስሎኝ አልቅሼ ነበር፣ ሁለተኛ ሳነበው የፈራህ መሰለኝ፣ እሱ ደግሞ ከቁጣውም ባሰብኝ።

ስሙ ሲጠፋ ምን ብለሽ እንደምትጽፊ በምን ታውቂያለሽ ላልከኝ፣ የተረፈውን አይቼ ነዋ። አብዛኛውን ጊዜ ጫፏ ናት የምትጠፋው። ባለፈው ያጋጠመኝ ግን መጀመሪያዋ ፊደል ጠፍታ "ታኖል" የሚለው ቀርቷል፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል የተረፈችው በቀኝ እግሯ ያለችው ቀለበት ብቻ ናት። አዎ፣ ሜታኖል የሚባልም አለን፣ ለቀለም ማቅጠኛ የሚወስዱት፣ ወደ ግድግዳው ነው የሚቀመጠው፣ ግን በርሜል ይንከባለላል፣ ይቀያየራል፣ ማን ቦታውን ይጠብቃል? እና ቀለበቷን አየኋት፣ አየኋት፣ ሜም ብትሆን ኤም ብትሆን ቀለበቷ ያው ናት! ሚዛንን ጠራሁት።

"ይሄ የቱ ነው?" አልኩት።

"አልኮል ነዋ።"

"አልኮልማ አልኮል ነው፣ የቱ አልኮል?"

"አንቺ ልጅ ደግሞ ዶክተር ልትሆኚብኝ ነው? ሁሉም አልኮል ነው። ጎረቤቶቹ ምን ይላሉ?"

"ኤታኖል።"

"እንደ ጎረቤቶቹ ጻፊው፣ ምሳ ሰዓቴን አትብዪብኝ" አለና ሄደ። እኔም ኤ ብዬ ጻፍኩ። ኤታኖል። ጥፋት ነው? ጥፋት ከሆነ ቶሎ ንገረኝና ላጥፋው።

አሁን ደግሞ ስለ አባባ። ባለፈው ያለፍኩህ ሆን ብዬ ነው፣ ይቅር በለኝ። አላቆመም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱና ሚዛን ከመጋዘኑ በኩባያ ይቀዱና በውሃና በስኳር በርዘው ይጠጣሉ፣ ኤ የሚለውን ብቻ ነው፣ ይጠነቀቃሉ፣ ሜ የሚለውን በእግራቸው እንኳን አይነኩትም። ስቆጣው ምን አለኝ መሰለህ? "ሐኪም ቤት ቁስል የሚያጥቡበት ንጹህ ነገር ነው፣ የኔን ሆድ ቢያጥበው ምን አለበት?" አለኝ። ሳልወድ አሳቀኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ፊደሌን እያዩ ነው የሚቀዱት፣ አሁን ገባኝ፣ ስጽፍልህ ነው የገባኝ፣ እዚህ ጋ የተዝረከረከው እስክሪብቶው ወድቆብኝ ነው።

ቶሎ ጻፍልኝ።


ጥር 16

ድንቢጤ፣

አጭር ነው የምጽፍልሽ፣ ጉንፋን አጣድፎኛል። ስለኔ አታስቢ፣ አከራዬ ሰሞኑን ጥጉ ሱቅ የመጣ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ጣፋጭ መጠጥ በሙቅ ውሃ ካልጠጣህ ብላ ይዛኛለች።

አልተቆጣሁሽም። ፈርቼ ነው።

ሁለቱ መንታ ናቸው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፣ ከውሃ ጋር ሲገናኙ ሁለቱም ይዋሃዳሉ፣ ሁለቱም ይነዳሉ፣ ምላስ አይለያቸውም። ልዩነታቸው አንድ ካርቦን ነው፣ ሜታኖል አንድ አለው፣ ኤታኖል ሁለት። ጉበት ኤታኖልን ሲያገኝ መጨረሻው ላይ ኮምጣጤ ያደርገዋል፣ ኮምጣጤውን ደግሞ ሰውነት አንድዶ ይጨርሰዋል። ያው ጉበት፣ ያንኑ ሥራውን ሲሠራ፣ ሜታኖልን መጀመሪያ ፎርማሊን ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ጉንዳን ስትናደፍ የምትረጨውን አሲድ። እሱ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። ፎርማሊንን ታውቂዋለሽ። ትንሽ ሆነሽ እኔ የምጠብቀው ላብራቶሪ ስትመጪ፣ እንቁራሪቷ ያለችበትን ብልቃጥ ከፍተሽ አፍንጫሽን ይዘሽ የሮጥሽው እሱን ሽሽት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ከበርሜሉ በሲኒ ትንሽ ቅጂና ከመጋዘኑ አርቀሽ አስቀምጪው። የመዳብ ሽቦ ጠምዝዢ፣ እሳት ላይ ጥቁር እስኪለብስ አግይው፣ ከእሳቱ አውጥተሽ ሲኒው ውስጥ ንከሪው። ጥቁሩ ለቆት ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ በሁለቱም ያው ነው፣ በሱ አትታለዪ። ሽታውን ነው የምፈልገው። የበሰበሰ ፖም ከሸተተሽ ኤ ነው። እንቁራሪቷን ካስታወሰሽ ሜ ነው። በሩቁ አሽትተሽ ድፊው።

አባባ ከዛ በርሜል ከቀመሰ፣ ደህና ነኝ ቢልሽም ሐኪም ቤት ውሰጂው። አንድ ቀን ሙሉ ደህና ይመስላል፣ ክፋቱ እሱ ነው። ሐኪሙን "አልኮል ጠጣ" እንዳትዪው። "ሜታኖል" በይው፣ በሜ።

አንድ ነገር ደግሞ ንገሪኝ፣ ፊደሏ የጠፋችው ባንድ በርሜል ላይ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነበር?

ጋሽሽ


ጥር 21

ጋሽዬ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ፣ ሹፌሩ ጎማ ፈነዳብኝ አለ፣ አምስት ቀን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር። እንዴት አደርክ፣ ጉንፋኑ ተሻለህ?

አደረግኩት። ከተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ላይ ሽቦ ፈታሁ፣ ክፍላችን ውስጥ ምድጃው ላይ ያዝኩት፣ ጠቆረ፣ ሲኒው ውስጥ ከተትኩት፣ ቸስ አለና ደመቅ ብሎ ወጣ፣ አዲስ ሳንቲም መሰለ። እንዳልከኝ በሱ አልተታለልኩም። ጎንበስ አልኩ። ጋሽዬ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አፍንጫዬ ተወጋ፣ ያቺ እንቁራሪት መጣችብኝ፣ እጆቿን ዘርግታ ሆዷ ነጭ ሆኖ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ፖም የለም። ምንም ፖም የለም። ሲኒውን ከነሽቦው ወርውሬ ግቢው መሃል ቆምኩ።

ከዛ ወደ በርሜሉ ሮጥኩ፣ በእንጨት ለካሁት፣ የዛሬ ሳምንት ክዳኑ ድረስ የነበረው ጣት ተኩል ወርዷል። ከዚህ በርሜል ለሥራ ገና አልተቀዳም። ማነው የቀዳው ብዬ ብጮህ ሁሉም እግሩን ያያል። ሚዛን ዛሬ ሥራ አልመጣም። ሚስቱ በሩ ድረስ መጥታ "ጭንቅላቴ ከበደኝ፣ ቤቱ ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል እያለ ነው፣ የትናንቱ ስካር አልለቀቀውም መሰለኝ" ብላ እየሳቀች ለአባባ ነገረችው። አባባ አልሳቀም።

"አባባ፣ ትናንት ከሚዛን ጋር ቀምሰሃል?" አልኩት።

"በእናትሽ አጽም አልቀመስኩም።"

"ቅዳሜ ብቻ ነው ትሉኝ ነበር፣ ትናንት ግን እሁድ ነበር።"

"አልቀመስኩም አልኩሽ እኮ! ሰው ባባቱ ላይ ዘበኛ ይሆናል?"

ግን ሸሚዙን አዛንፎ ነው የቆለፈው። አባባን ታውቀዋለህ፣ ሃያ ዓመት በር የጠበቀ ሰው፣ ጥርሱን ከመፋቁ በፊት የሸሚዙን ቁልፍ የሚያስተካክል ሰው፣ አንዱን ቁልፍ በሌላው ቀዳዳ አስገብቶ አንገትጌው ተጣሞ ቆሟል። ላስተካክልልህ ብዬ ስጠጋው እጄን ሳይሆን አየሩን ያዘ።

እየወሰድኩት ነው። እንቢ ካለም ተሸክሜው። ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው።

ለጠየቅከኝ ነገር፣ በርሜሉ አንድ ብቻ ነው።


ጥር 23

ጋሽዬ፣

ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ ወረቀቱን ነርሷ ሰጥታኝ ነው፣ ከጀርባው የሰው የደም ውጤት አለበት፣ እሱን አታንብበው።

አባባ አለ። ይሄን አስቀድሜ ልጻፍልህ። አለ።

ሲያስገቡን የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ። "ምን ጠጣ?" አለኝ። ጋሽዬ፣ ያስጠናኸኝ ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ፣ "አልኮል" አልኩት! ሐኪሙም ትንፋሹን ለቀቀ፣ "እሺ፣ ይተኛ፣ ይወጣለታል፣ ውሃ ስጪው" ብሎ ዞረ። ሄደ እኮ። ጀርባውን አየሁት። ያኔ "ሜታኖል!" ብዬ ጮህኩ፣ "በሜ ነው ዶክተር፣ በሜ!" ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሐኪሙ ተመለሰ፣ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

"ማነው ያለሽ?"

"ወንድሜ። የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ይጠብቃል። ሽቦ አግዬ አሸተትኩት፣ እንቁራሪቷን ሸተተኝ።"

እብድ ናት ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "መቼ ጠጣ?" አለና መሮጥ ጀመሩ።

ማርከሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል? ኤ ራሱ ነው። በመለኪያ እየሰፈሩ ንጹሁን አጠጡት፣ ጉበቱ ኤን ሲያገኝ በሱ ይጠመድና ሜን ይተወዋል፣ የተተወው በሽንት ይወጣል አሉኝ፣ ደሙንም በማሽን አጠቡለት። አባባ ሁለተኛውን መለኪያ ሲጨርስ "ዕድሜ ልኬን አትጠጣ ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ይኸው ዶክተር ራሱ እየቀዳ ይለምነኛል" አለ። ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሚዛን ሞተ። ሚስቱ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወስዳው ነበር፣ "ምን ጠጣ?" ሲሏት "አልኮል" አለቻቸው፣ ይተኛ ብለው መለሷት። እሷ የምትጮህበት ሜ አልነበራትም። አባባ "ሚዛን የታለ?" ይለኛል፣ "ቤቱ ነው" እለዋለሁ።

ትናንት በጻፍክልኝ ደብዳቤ ዓይኑን ለጠየቅከኝ፣ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች፣ እጁ እላይዋ ላይ ነው፣ "ዛሬ ደመና ነው እንዴ?" አለኝ። አዎ ደመና ነው አልኩት።

ያችን ጥያቄ ደግመህ ጠየቅከኝ። መለስኩልህ እኮ።


ጥር 29

ጋሽዬ፣

ይሄን ደብዳቤ በሹፌሩ አልልከውም፣ ሹፌሩ የመጋዘኑ ባለቤት ሰው ነው። እህቷን ልትጠይቅ ወደናንተ በአውቶቡስ የምትመጣ አስታማሚ አግኝቼ በደረቷ ሸጉጣ ታመጣልሃለች። የጥር 26 ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለሱ መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ፣ አሁን ከጀመርኩት ሌላውን መጻፍ አልችልም።

ባለቤቱ አናገረሽ ወይ ላልከኝ፣ አዎ። አባባ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ብርቱካን ይዞ። ከብርቱካኑ ሥር ማርከርና ባዶ ወረቀት ነበር።

"የኔ ልጅ፣ የበርሜሉ ወረቀት ተበላሽቷል፣ በሜ አድርጊና አዲስ ጻፊልኝ" አለኝ።

"የጻፍኩት በኤ ነው፣ ሚዛን ነው ያለኝ።"

"ሚዛን ነፍሱን ይማረው፣ አሁን አይናገርም። በሜ ከተጻፈ፣ መርዝ መሆኑን እያዩ ሰርቀው ጠጡ ይባላል፣ ያልቃል። በኤ ከሆነ ግን ጽሑፉ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። የማን ነው?"

ማርከሩን አላነሳሁትም።

"አንዲት ፊደል ናት እኮ" አለኝ፣ "ባንዲት ፊደል ሰው አይሞትም።"

አባባ ተኝቷል ብለን ነበር፣ ዓይኑን እንደከደነ "ውጣ" አለው። እንዲህ ብቻ። ባለቤቱ ሲወጣ "የበሩን ክፍል ለሌላ ዘበኛ እፈልገዋለሁ" ብሎኝ ነው የሄደው። ብርቱካኑን መልሶ ወሰደው።

ምን አደረግሽ ላልከኝ፣ ጻፍኩለት። አትቆጣኝ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ግቢው ሄጄ በርሜሉ ላይ ሜ ብዬ ጻፍኩ፣ በትልቁ፣ ቀለበቷን ዘግቼ፣ ምክንያቱም እውነቱ ሜ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው በኩባያ ቢመጣ ሜ ብሎ ይመልሰው። የድሮውን ወረቀት ግን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ልጬ ወሰድኩት። ይኸው እዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የኔ ኤ ናት፣ ቀለበቷ ክፍት። እርጥብ ነገር አታስነካት። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ወረቀቱ ወንድሜ ጋ ነው እላቸዋለሁ፣ የሚያስሩኝ እኔን ከሆነም ይሰሩኝ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

አሁን ያችን ጥያቄ ልመልስልህ። ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁህ። ሁለት ነበሩ ጋሽዬ። ፊደላቸው የጠፋ ሁለት በርሜሎች፣ ጎን ለጎን፣ በሁለቱም ቀለበቷ ብቻ ቀርታ። ሁለቱንም እንደ ጎረቤቶቻቸው ጻፍኳቸው። ያንዱን አባባና ሚዛን ጠጡት። ሌላው ጥር 6 ተጭኖ ሄደ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ስጽፍልህ አጠገቤ ሲጭኑት የነበረው እሱ ነው፣ ሹፌሩ ደብዳቤዬንና በርሜሉን እኩል ነው ወደናንተ ከተማ ያመጣቸው። አንድ ነው ያልኩህ ሁለት ካልኩ እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው። ገዢው ማን እንደሆነ ሹፌሩን ለመንኩት፣ አይነግረኝም፣ ብቻ አንዴ አምልጦት "ስኳርና ቀለም ጨምሮ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰውዬ ነው" አለ።

በትንንሽ ጠርሙስ ሲል አንተ የጻፍክልኝ ትዝ አለኝ። ሮጬ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፣ ወዲያው ወደናንተ ሆስፒታል ደወለ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ "በሜ በላቸው፣ በሜ በላቸው" እላለሁ። ገባቸው ብሎኛል። ግን ከዛ ማዶ ሆኖ የሚጽፈው ሰው "አልኮል" ብሎ ብቻ መዝግቦ ቢተወውስ? አንተ ሂድና በርሜሉን አሳያቸው። የኔን ጽሑፍ ከሰው ሁሉ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ሰማያዊ በርሜል ነው፣ ኤታኖል ይላል፣ ኤዋ ቀለበቷን አልዘጋችም።

አሁን ስለ ደብዳቤህ።

ጋሽዬ፣ ያንተ ጽሑፍ እኮ ከመስመር ወጥቶ አያውቅም። እኔን በማስመሪያ ጣቴን እየመታህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የጥር 26 ደብዳቤህ ግን ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ቁልቁል ይሄዳል፣ "ባለቤቱ አናገረሽ ወይ" የሚለው "እውነቱን ንገሪኝ" በሚለው ላይ ተደርቦ ተጽፏል፣ ፊደል በፊደል ላይ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዤ ነው ለይቼ ያነበብኩት። ፊርማህ ከወረቀቱ ወጥቷል፣ "ጋሽ" ብሎ አልቋል፣ የቀረው ጠረጴዛው ላይ ነው የተጻፈው። ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ ብለህ ደግሞ እኔን ጠየቅከኝ። ጉንፋን የያዘው አንተን እኮ ነው።

ነርሷ አስታማሚዋን እየጠራቻት ነው። እንድትሮጥ ነግሬያታለሁ። ይሄን ደብዳቤ እሷ ታንብብልህ፣ ምን እንደምትል አስተምሬያታለሁ፣ ደጋግማ "ሜ፣ ሜ" እያለች ነው የምትመጣው፣ ስትደርስ ክንድህን ትያዝህና እዛው ሆስፒታል ትውሰድህ፣ እንቢ እንዳትላት። የጠርሙሱን ነገር ማንንም ሳታፍር ንገራቸው።

ከዛ አንዲት መስመር ብቻ ጻፍልኝ። መብራት ጠፍቶብኝ ነው በለኝ። ምንም ሌላ አትጻፍ፣ መብራት ጠፍቶብኝ በጨለማ ጽፌው ነው በለኝ፣ እኔ አምንሃለሁ።

ድንቢጥህ